ግራውንድ ትሩዝ ምንድን ነው? የሳተላይት ምስልና የጅማ ጥላ ቡና

በጅማ ዙሪያ የሚገኝ አንድ የቡና መሬት በሳተላይት ምስል ላይ ሲታይ ቡናው አይታይም። የሚታየው ከቡናው በላይ የተንሰራፋው የዋንዛ፣ የሰሳ ወይም የብርብራ ቅጠል ነው፤ ቡናው ከሥሩ ተጠልሎ ስለሚያድግ ከሰማይ ለሚመለከተው መሣሪያ የተደበቀ ያህል ነው። በዩኒቨርሲቲ ጂአይኤስና ሪሞት ሴንሲንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ መሥራትንና መሬትን ከርቀት በመሣሪያ ማጥናትን የሚማር ተማሪ፣ በኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ «ደን» ሆኖ የወጣለትን ቦታ በኅዳር ወር በእግሩ ሄዶ ቢያየው፣ ቅርጫት ይዘው ቀይ ቡና የሚለቅሙ ሰዎችን ሊያገኝ ይችላል። ከምስሉ ወጥቶ ቦታውን የማየትና ያዩትን በሥርዓት የመመዝገብ ሥራ በሙያው ግራውንድ ትሩዝ ይባላል።

ቃሉን «የመሬት ላይ እውነታ» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ በመማሪያ ክፍልም ሆነ በመስክ ግን መምህሩም ተማሪውም የሚጠሩት በውጭው ስሙ ነው። ጠበቅ አድርገን ከተረጎምነው፣ ስለ አንድ የታወቀ ቦታ፣ በታወቀ ቀን፣ ከምስሉ ውጭ በሆነ መንገድ የተገኘና ምስሉን ለመተርጎም ወይም የተሰጠውን ትርጉም ለመፈተን የሚያገለግል መረጃ ማለት ነው። ቦታው ወይም ቀኑ በትክክል ካልተያዘ መረጃው የሚያገለግለው ለጨዋታ ማሟሻ ብቻ ነው።

ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ሳተላይቱ የሚለካው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1972 ከመጠቀችው ከመጀመሪያዋ ላንድሳት ጀምሮ እስካሁን ያሉት አብዛኞቹ የመሬት ምልከታ ሳተላይቶች የሚለኩት ከምድር ገጽ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ነው። ላንድሳት 8 እና 9 በአብዛኞቹ ባንዶቻቸው (ባንድ ማለት ለብቻው የሚለካ የብርሃን ክፍል ነው) መሬቱን ጎኑ 30 ሜትር በሆነ ካሬ፣ የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ደግሞ በዋና ዋና ባንዶቹ ጎኑ 10 ሜትር በሆነ ካሬ ከፋፍለው ያነባሉ፤ እያንዳንዱ ካሬ ፒክስል ይባላል፣ ይዘቱም ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ ዝግጅቱ ስለሚውጠው ጥቂቱን ብቻ ይመልሳል፤ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ግን በውስጣዊ አሠራሩ ምክንያት አብዝቶ ያንጸባርቃል። የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው ሲያካፍሉት ኤንዲቪአይ የሚባለው ከአሉታዊ 1 እስከ 1 የሚደርስ መለኪያ ይገኛል። ይህ ቁጥር የልምላሜን መጠን በጥሩ ሁኔታ ይናገራል፤ የለመለመው ጫት ይሁን ባሕር ዛፍ፣ የተፈጥሮ ደን ይሁን ጥላ ያለው ቡና ግን ለብቻው ሊነግረን አይችልም፤ አራቱም በበጋ ቅጠላቸውን ይዘው ይቆያሉና።

ስለዚህ ስም የሚያወጣው ሰው ነው፤ ስም ማውጣት ደግሞ ከሚመስለው በላይ አከራካሪ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተቀበለችው ትርጉም መሠረት ደን ማለት ከ0.5 ሄክታር በላይ ስፋት፣ ከ2 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው ዛፎችና ከ20 በመቶ በላይ የቅጠል ሽፋን ያለው መሬት ነው። በርካታ የጅማ ጥላ ቡናዎች እነዚህን ቁጥሮች ያለ ችግር ያልፋሉ፤ ባለቤቱ ግን ሥሩን በየዓመቱ የሚመነጥረውን፣ የሚለቅመውንና ልጆቹን የሚያስተምርበትን መሬት «ደን» ብሎ ሊጠራው አይፈልግም። ተማሪው ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት «ደን»፣ «የደን ቡና»፣ «የጓሮ ቡና» የሚሉትን ምድቦች በምን መስፈርት እንደሚለያቸው በጽሑፍ ካልወሰነ፣ ሰኞ ደን ያለውን ረቡዕ ቡና እያለ መመለሱ አይቀርም።

መስክ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የት ልቁም የሚለው ነው። አንድ ሄክታር መሬት 100 የሴንቲኔል ፒክስሎችን ሲይዝ ከላንድሳት ግን 11 ያህል ብቻ ይይዛል። የስልክ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትሮች ይስታል፣ ጥቅጥቅ ባለ ቅጠል ሥር ደግሞ ስህተቱ ይብሳል፤ በዚህ ምክንያት የሚመከረው ቢያንስ በሦስት በሦስት ፒክስል ስፋት አንድ ዓይነት ሽፋን ባለበት ቦታ መካከል መቆም ነው። ለላንድሳት ይህ 90 ሜትር በ90 ሜትር ማለት ስለሆነ ወደ አንድ ሄክታር ይጠጋል። እንሰት፣ ቡና፣ አቮካዶና በቆሎ በአንድ ጓሮ በሚበቅሉበት አካባቢ እንዲህ ያለ ወጥ ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ልፋት ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ጓሮ በሙሉ በአንድ ፒክስል ውስጥ ተደባልቆ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው፣ ብዙዎችን በዝምታ የሚጥለው፣ የመጋጠሚያ፣ ማለትም የአንድን ቦታ መገኛ የሚገልጹት ቁጥሮች ጉዳይ ነው። ጅማ ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አለፍ ብላ ስለምትገኝ ዓለምን በኬንትሮስ ወደ ዞኖች በሚከፍለው በዩቲኤም አከፋፈል ዞን 37 ውስጥ ትወድቃለች። በ1:50,000 መጠን የተዘጋጁት የቀድሞዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ (የመጋጠሚያ ቁጥሮች የሚቆጠሩበት የምድር ልኬት) ነው፤ ስልኮችና የሳተላይት ምስሎች የሚጠቀሙት ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱን ሳያመሳስል የደራረበ ሰው ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተትበታል፤ ሶፍትዌሩም ምንም ማስጠንቀቂያ ላይሰጥ ይችላል። እኔ ራሴ በቡና መካከል ቆሜ የወሰድኩት ነጥብ ምስሉ ላይ ረግረግ ውስጥ ገብቶ አግኝቼዋለሁ፤ መሣሪያውን ስወቅስ ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ ነው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የተረዳሁት።

ጊዜም እንደ ቦታ ይስታል። የጅማ ክረምት ረጅም በመሆኑ ከደመና የጸዳ ምስል በአብዛኛው የሚገኘው በኅዳርና በየካቲት መካከል ነው፤ ደመናን አልፎ የሚያየው የሴንቲኔል 1 ራዳር አማራጭ ቢሆንም አነባበቡ ሌላ ትምህርት ይጠይቃል። ተማሪው በጥር የተነሣ ምስል ይዞ በሐምሌ መስክ ቢወጣ፣ በምስሉ ላይ ባዶ አፈር የነበረው በቆሎ ሆኖ፣ የግጦሽ ሣር የነበረውም ውኃ ተኝቶበት ይጠብቀዋል። በቦዬ ረግረግ አካባቢ ያለ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ተማሪው «ሣር መሬት» ብሎ የመዘገበውን ባለመሬቱ በኦሮምኛ «ጨፌ» ይለዋል፣ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥም የክረምቱ ውኃ አብሮ አለ። የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሳይዙ መውጣት ግማሹን መረጃ ትቶ እንደመመለስ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

የሽፋን ለውጥ ለሚያጠና ሰው ችግሩ ይከብዳል፤ ወደ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ዓመታት በእግር መሄድ አይቻልምና። የቆዩ የአየር ፎቶግራፎች ካሉ ይረዳሉ፣ አለዚያ ሽማግሌዎችን መጠየቅ የግድ ነው። ሲጠይቁም «በስንት ዓመተ ምሕረት ተመነጠረ» ከማለት «ደርግ ሳይወድቅ ነው ወይስ ከወደቀ በኋላ»፣ «ግልገል ጊቤ ውኃ ሳይሞላ በፊት ነው» ብሎ በሚታወቅ ነገር ማስታወስ ይሻላል፤ ግድቡ ኃይል ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ስለሆነ መልሱን ከምስሉ ዘመን ጋር ማያያዝ ይቻላል። በነገራችን ላይ በእጁ ጂፒኤስ ይዞ ማሳ የሚዞር እንግዳ መሬት ሊወስድ ወይም ግብር ሊጨምር የመጣ እንዳይመስል፣ አስቀድሞ ከቀበሌው መነጋገርና ባለመሬቱን ማስፈቀድ የሥራው አካል ነው።

የተሰበሰቡት ነጥቦች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ከፊሉ ኮምፒውተሩ ፒክስሎችን በየምድባቸው ለይቶ ካርታ እንዲሠራ ለማሠልጠን፣ ከፊሉ የሠራውን ካርታ ለመፈተን። ፈተናውን ለተማሪው አስቀድሞ እንደማሳየት ስለሚሆን አንዱ ነጥብ ለሁለቱም አይውልም። ለምሳሌ ያህል በ200 ነጥቦች እንፈትን፤ 150ዎቹ የእርሻ፣ 50ዎቹ የጥላ ቡና ይሁኑ። ካርታው ከእርሻዎቹ 145ቱን፣ ከቡናዎቹ ደግሞ 25ቱን በትክክል ቢያገኝ አጠቃላይ ትክክለኛነቱ 85 በመቶ ይሆናል። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የምደባ መመሪያ ላይ እንደ ዝቅተኛ መስፈርት ከሰፈረ ወዲህ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ማለፊያ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ካርታው ከቡናው ግማሹን ስቷል፤ ጥናቱ ስለ ቡና ከሆነ ሳንቲም ጥሎ ከመገመት አልተሻለም። በእኔ አስተያየት የየምድቡን ውጤት ሳያሳይ አጠቃላዩን ብቻ የሚያቀርብ ጽሑፍ መመለስ አለበት። ነጥቦቹ ሁሉ ከአስፋልቱ ዳር የተለቀሙ ከሆኑም እንዲሁ፤ «በለጠ ገራ» የሚባለው የጅማ ደን ውስጠኛው ክፍል ከመኪና መስኮት አይታይም።

ድካሙን ለመቀነስ ብዙዎች መስክ ከመውጣት ይልቅ በጎግል ኧርዝ ላይ ያሉትን ጥርት ያሉ ምስሎች እያዩ ነጥብ ይመርጣሉ። ለቤት፣ ለመንገድ፣ ለሐይቅ፣ ለባሕር ዛፍ ተክል ይህ ተገቢ ዘዴ ነው። ለጥላ ቡና ግን ምስሉ የቱንም ያህል ቢጠራ የሚያሳየው ያንኑ የዋንዛውን አናት ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ነጥብ የተሠራ ካርታ በእንዲህ ዓይነት ነጥብ ሲፈተን ከፍተኛ ውጤት ያመጣል፣ ምክንያቱም መምህሩም ፈታኙም ያላዩት አንድ ነገር ነው። ለዚህ ምድብ የሚያስፈልገው ከዛፉ ሥር ገብቶ የጥላውን ቁመትና ጥቅጥቅታ ገምቶ፣ ሥሩ የተመነጠረ መሆን አለመሆኑን አይቶ፣ በአራቱም አቅጣጫ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ቀኑን ጽፎ መውጣት ነው።