ከሱስ ጀርባ ያለውን ቁስል ወደ ውስጥ በሚያይ ቴራፒ ማከም

ሱስ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው መጠጡን ወይ ዕፁን ማስጣል ነው፣ ወደ ውስጥ የሚያየው ቴራፒ (በንግግር የሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና) ግን ሰውየው ምን እንዳይሰማው ነው የሚጠጣው ብሎ ነው የሚጀምረው። የአእምሮ ሐኪሙ ኤድዋርድ ካንትዚያን እ.ኤ.አ. በ1985 ሱስ የያዘው ሰው አልችል ያለውን ስሜት በራሱ መንገድ ለማስታገስ እየሞከረ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በ1998 ደግሞ አሜሪካዊያኑ ሐኪሞች እነ ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ 9,508 አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው፣ ድብደባ፣ ጥቃት፣ ጠጪ ወላጅና የመሳሰለውን 4 ዓይነትና ከዛ በላይ ያዩት ሰዎች ምንም ካላዩት ይልቅ ለአልኮል ሱስ፣ ለዕፅ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ከ4 እስከ 12 እጥፍ ተጋላጭ ሆነው አገኟቸው። ከዚ በኋላ ሱሰኛን ፈቃደ ደካማ ብሎ መስደብ ጨርሶ አይገባም።

ከዘዴዎቹ በጣም የሚታወቀው ሪቻርድ ሽዋርትዝ በ1980ዎቹ የጀመረው ኢንተርናል ፋሚሊ ሲስተምስ (የውስጥ ቤተሰብ ሥርዓት እንደማለት) ነው። ሽዋርትዝ የቤተሰብ ቴራፒስት ነበር፣ የአመጋገብ ችግር ያለባቸው ታካሚዎቹ "አንዱ ክፍሌ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ" ሲሉት ቁም ነገር ብሎ አዳመጣቸው። በሱ አገላለጽ ውስጣችን የተገፉና ህመሙን የተሸከሙ ክፍሎች አሉ፣ ህመሙ እንዳይወጣ ቀድመው የሚቆጣጠሩ አሉ፣ አምልጦ ሲወጣ ደግሞ ሮጠው የሚደርሱ "እሳት አጥፊዎች" አሉ። መጠጡ የእሳት አጥፊው ውሃ ነው።

ቴራፒው ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ታካሚው "የመጠጥ አምሮቱ ሰውነትህ ላይ የት ነው ያለው?" ይባላል፣ "ደረቴን ጨምድዶኛል" ይላል፣ "አምሮቱን ሳታባርረው 'ባታስጠጣኝ ምን ይመጣል ብለህ ትፈራለህ?' ብለህ ጠይቀው" ይባላል፣ ዝም ይላል፣ ከዛ ድንገት የ7 ዓመት ልጅ ሆኖ በር ስር ተደብቆ አባቱን የጠበቀበት ማታ ይመጣበታል። እዚህ ጋ ማንም አይቸኩልም።

የሱስ ሁሉ መነሻ ቁስል ነው ማለት ግን አይቻልም፣ የመንትዮች ጥናቶች ለአልኮል ሱስ ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉን ለዘር ውርስ ይሰጡታል። በዘዴው ላይ የተሰሩ ጥናቶችም ትንንሽ ናቸው። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ጋ ነው የሚሄደው። ተመልሶ ከጠጣም አይገሰጽም፣ ከዛ በፊት በነበሩት ሰዓታት ውስጥ ምን ነካህ ተብሎ ይጠየቃል።