የተቃጠለ የጭስ ቫልቭ ምንድን ነው?

የጭስ ቫልቭ የተቃጠለው ጋዝ ከሲሊንደሩ የሚወጣበት ቀዳዳ መዝጊያ ነው። መቀመጫው ላይ በደንብ ገጥሞ መዝጋት ሲያቅተው፣ በቀረችው ቀጭን ክፍተት የሚያመልጠው የጋለ ጋዝ ጠርዙን ቦርቡሮ ይበላዋል። የተቃጠለ ቫልቭ የሚባለው ይህ ነው። ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ሲታይ ክቡ ጠርዝ በአንድ በኩል ጎድሎ ወይም እስከ ውስጥ ተሰንጥቆ ይገኛል።

የቫልቩ ራስ በሥራ ላይ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ሙቀቱን የሚያራግፈው በሁለት መንገድ ብቻ ነው። አብላጫውን፣ ከአራት ሦስት እጁን ገደማ፣ በተዘጋበት ቅጽበት በመቀመጫው በኩል ለቴስታታው ይሰጣል፤ የቀረው በግንዱ በኩል ግንዱ ወደሚንሸራተትበት ቱቦ፣ ወደ ጋይዱ፣ ያልፋል። ስለዚህ መቀመጫው ላይ ያላረፈ ቫልቭ ጋዝ ማሳለፉ ብቻ ሳይሆን መቀዝቀዣውንም ያጣል። አንዴ ከጀመረ የሚፋጠነው ለዚህ ነው። ጠጋኙም «ቫልቩን በምን ልተካው?» ከማለቱ በፊት «ለምን አልዘጋም?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ዋናው ምክንያት የክፍተት ማነስ ነው። ቫልቩ ሲግል ግንዱ ይረዝማል፤ ቫልቩን በሚገፋው ሮከርና በግንዱ ጫፍ መካከል ክፍተት የሚተወውም ለዚህ መርዘም ነው። ቫልቩና መቀመጫው ሲበሉ ቫልቩ ወደ ቴስታታው እየገባ ግንዱን ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ ክፍተቱ በኪሎ ሜትር ብዛት እየሰፋ ሳይሆን እየጠበበ ይሄዳል። ብዙ ባለመኪና የሚፈራው ቲክ ቲክ የሚለውን ቫልቭ ነው። በእኛ አስተያየት የበለጠ የሚያሰጋው ድምፁ የጠፋው ነው። ድምፅ እንዳይሰማ ተብሎ ጥብቅ ተደርጎ የተስተካከለ ሞተር ለቃጠሎ የተዘጋጀ ሞተር ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች የዘገየ የእሳት ጊዜ (ነዳጁ ቫልቩ ከተከፈተ በኋላም ይቃጠላል)፣ ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ፣ የደከመ ሞላ፣ የላላ ጋይድ፣ መቀመጫው ላይ የተጣበቀ ካርቦንና በሙቀት የተጣመመ ቴስታታ ናቸው። ለአዲስ አበባ ከፍታ ጄቱ (የነዳጅ ቀዳዳው) እንዲያንስ የተደረገ ካርቡራተር ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ረጅም መንገድ በፍጥነት ሲነዳም ጭሱ ከልክ በላይ ይግላል። በአሮጌው ቮልስዋገን ቢትል ደግሞ በብዛት የሚቃጠለው የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን ንፋስ ይጋርደው ነበር፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው ቦታው የተቀየረው።

ምልክቱ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ጋዝ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር፣ ይጀምራል። ሞተሩ እኩል በሆነ ምት ይንቀጠቀጣል፣ ጋዝ ሲሰጠው ግን የተሻለው ይመስላል፤ ዙሩ ሲፈጥን ጋዙ ለማምለጥ ጊዜ ያጥረዋልና። የጭስ ማውጫው (ማርሚታው) ጫፍ ላይ ቀጭን ወረቀት ሲያዝ፣ በጤነኛ ሞተር ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል፤ ቫልቭ ሲያሳልፍ በየመካከሉ ወደ ቱቦው ይሳባል። እሳት የሚለኩሰውን ካንዴላና ገመዱን ገዝቶ ከመቀየር በፊት የተጠረጠረውን ካንዴላ ወደ ሌላ ሲሊንደር ማዛወር ይበቃል። ችግሩ አብሮት ካልሄደ ካንዴላው ነፃ ነው።

ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ የሚያምቀው ግፊት፣ ይለካል። ሞተሩ ይሞቃል፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይወጣሉ፣ የእሳትና የነዳጅ መስመር ይቋረጣል፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) የመለኪያው መርፌ መውጣት እስኪያቆም ይዞራል። እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ሞተር በስህተት ይፈረድበታል። መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ጠለል የተለካ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ንባቡም በዚያው ልክ ይወርዳል። መመሪያው 12 ባር ያለው ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ባር ገደማ ያሳያል። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 4 ከሆነ ከፍታው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ደካማው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካል። ንባቡ ከወጣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው፤ ካልወጣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ)። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጓርኒሲዮን ነው።

ቁርጡን የሚናገረው የኮምፕሬሰር አየር ነው። ፒስተኑ በኮምፕሬሽን ምት ላይኛው ጫፍ ላይ ሆኖ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ይሰጣል። ፉጨቱ በማርሚታ ከተሰማ የጭስ ቫልቭ፣ በአየር ማጣሪያው በኩል ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከወጣ ጓርኒሲዮን ነው። አየሩ ሞተሩን በድንገት ሊያዞረው ስለሚችል እጅ ከቺንጋውና ከማራገቢያው ይራቅ።

ቴስታታ ከማውረድ በፊት አንድ ነገር ይቀራል፦ የዚያን ቫልቭ ክፍተት መለካት። ዜሮ ሆኖ ከተገኘ ተስተካክሎ እንደገና ይለካ። ጠርዙ ገና ካልተበላ ኮምፕሬሽኑ ሊመለስ ይችላል።

ቴስታታው የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ቡሎኖቹ ከዳር ወደ መሃል በየተራ እየላሉ ነው። ቫልቮቹ ካርቶን ላይ በቁጥራቸው ይሰካሉ። የተቃጠለ ቫልቭ አይሞረድም፤ ይጣላል። በሞራጅ ቅባት (ፓስታ) ማሸት የተበላን ጠርዝ አይመልስም፤ ማሸት የሚያገለግለው ሁለቱ ደህና ገጾች እንዲገጣጠሙ ብቻ ነው። ቀሪዎቹ ቫልቮች ቶርኖ ቤት ከተሳሉ በኋላ የጠርዛቸው ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አይመለሱ፤ ስስ ጠርዝ ቶሎ ይግላል። መቀመጫው አብዛኛውን ጊዜ 45 ዲግሪ ነው፤ ለጭስ ቫልቭ ስፋቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚህ ከጠበበ ሙቀት አያስተላልፍም፣ በጣም ከሰፋ ካርቦን ይይዛል። ጋይዱ ከላላ መቀመጫው ከመሳሉ በፊት ይቀየር፤ ማሽኑ መሃሉን የሚያገኘው በጋይዱ ነውና። ዘይት የሚከለክሉት የግንድ ጎሚኒዎች በሙሉ አዲስ ይሁኑ። ቴስታታው ተገልብጦ፣ ካንዴላዎቹ ገብተው፣ የሲሊንደሩ ጉድጓድ በነጭ ጋዝ ይሞላል፤ ለጥቂት ደቂቃ በጭስ መውጫው በኩል ጠብታ ካልታየ ገጥሟል።

ሲታሰር ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ቁልፍ) ነው። ቪትዝ ላይ ያለው የ1ኤንዜድ ሞተር 29 ኒውተን ሜትር ይታሰርና 90 ዲግሪ፣ ከዚያ ሌላ 90 ዲግሪ ይዞራል።

አሁን በተደጋጋሚ የሚበላሸው ሥራ እዚህ ነው። ቫልቭና መቀመጫ ሲሳሉ ግንዱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ክፍተቱ ይጠፋል። በላዳ ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ በ17 ቁልፍ ማሰሪያው ተላልቶ፣ በ13 ቁልፍ ሁሉም ቫልቭ በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር ይደረጋል። የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጥርስ ምልክት ሲገጥም 6ኛውና 8ኛው፣ ከዚያ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) በየግማሽ ዙሩ 4ኛውና 7ኛው፣ 1ኛውና 3ኛው፣ 5ኛውና 2ኛው። በቪትዝ ግን ማስተካከያ ቡሎን የለም፤ የጭስ ቫልቩ በቀዝቃዛ ሞተር ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር እንዲሆን በካሙ ሥር ያለው ኩባያ በውፍረቱ ተመርጦ መቀየር አለበት። የድሮውን ኩባያ ሳይለኩ መመለስ አዲሱን ቫልቭ በወራት ውስጥ ያቃጥለዋል፤ ባለመኪናውም ቫልቩ ጥራት የለውም ብሎ ይደመድማል።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ክፍተቱ እንደገና ይለካ። ሁሉም በጥቂቱ ቢጠብቡ አዲስ ገጾች ሲላመዱ የሚጠበቅ ነው። አንዱ ብቻ በብዙ ከጠበበ የመቀመጫው ቀለበት ወደ ውስጥ እየሰመጠ ወይም ቫልቩ በሙቀት ተለጥጦ እየረዘመ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩ ሳይነዳ ቴስታታው ይወርዳል።