የጨረር የዓይን ሞራ ምንድን ነው?

ራጅ ክፍል በር ላይ ያለውን የጨረር ምልክት ስናይ ቶሎ የሚመጣብን ካንሰር ነው። ዓይኑ ትዝ የሚለው ሰው ብዙም የለም። ግን ጨረር ከማይችሉት የሰውነት ክፍሎች አንዱ የዓይን ሌንስ ነው።

ሌንሱ ከብሌኑ ጀርባ ስስ ከረጢት ውስጥ የተቀመጠ ጥርት ያለ ነገር ነው። የደም ሥር የለውም። አሠራሩ እንደ ሽንኩርት ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ሴሎች ዕድሜ ልካችንን እየተባዙ፣ በቀድሞው ላይ አዲስ እየደረቡ ይኖራሉ። ቆዳ የተበላሸ ሴሉን ያረግፋል፣ አንጀትም እንደዚያው። ሌንስ ግን የት ይጣለው? ከረጢቱ ዝግ ነው። ስለዚህ ጨረር ዘረመላቸውን ያበላሸባቸው ሴሎች በወጉ ጥርት ብለው ማደግ ሲያቅታቸው ወደ ኋላ እየሸሹ ሌንሱ ጀርባ፣ መሃሉ ላይ ይጠራቀሙና ብርሃኑን ይጋርዱታል። በግ ሲታረድ ጨጓራውን የሚሸፍነውን ነጭ ሞራ ያየ ሰው ስሙ አይከብደውም።

ደግሞ ሞራው መሃል ላይ ስለሆነ ጉዱ ሌላ ነው። ፀሐይ ላይ ብሌኑ ይጠብና ብርሃኑ በዚያችው በተጋረደችው በኩል ብቻ ይገባል፤ ሰውየው ደጅ ማንበብ አቅቶት ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ይሻለዋል። ማታ የመኪና መብራት ሲመጣበትማ አለቀለት።

ይሄ ሁሉ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ቦምቡ የወደቀው እ.ኤ.አ. በ1945 ሲሆን የተራፊዎቹ ሞራ የተዘገበው በ1949 ነው። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽንም በ2011 ለሠራተኛ ዓይን የሚፈቀደውን መጠን በዓመት ከ150 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ወደ 20 አወረደው፣ የአምስት ዓመት አማካይ ተይዞ። ትንሽ ቅነሳ አይደለም!

አንዴ የደረት ራጅ ተነስታችሁ ከሆነ ግን አትጨነቁ፣ ዓይናችሁ ጋ የሚደርሰው ኢምንት ነው። መጨነቅ ያለበት የልብ ቧንቧ የሚከፍተው ሐኪም ነው። ሥራውን የሚሠራው በራጅ እያየ ስለሆነ በየቀኑ ከታካሚው አጠገብ ይቆማል፤ ጨረሩ ደግሞ የታካሚው ገላ ላይ ነጥሮ ወደ ፊቱ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ግራ ዓይኑ ይብስበታል። ጨረር የሚያግደው የእርሳስ ብረት ሽርጡ ደረቱን ይሸፍናል እንጂ ዓይኑን አይሸፍንም። ለዓይን ከጣሪያ የሚንጠለጠል የእርሳስ መስታወትና ጎን ጎኑ የተከለለ የእርሳስ መነጽር አለ። መነጽሩ ይከብዳል፣ አፍንጫ ይጫናል፤ ብዙዎች የሚያወልቁትም ለዚህ ይመስለኛል። ተራ የፀሐይ መነጽርማ እዚህ ቦታ ምንም አይፈይድም።