የደም ማነስ የዘረመል ምርመራ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ላይ ልጅ ነጥቶና ዝሎ ሐኪም ቤት ሲመጣ፣ ሐኪሙ የታችኛውን የዐይን ቆቡን ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ቀጥሎ የልጁን መዳፍ ከራሱ መዳፍ ጋር ያስተያያል። ቀድመው የሚጠረጠሩት የታወቁ ናቸው፦ የአይረን እጥረት፣ ወባ፣ የአንጀት ትላትል፤ ጣና ዳር እየዋኘ ላደገ ልጅ ደግሞ ቢልሃርዝያ። አብዛኛው ልጅ እዚሁ ላይ ምክንያቱ ይገኝለታል።

የአይረን ሽሮፑ ለወራት በአግባቡ ተወስዶ ሄሞግሎቢኑ አልነሳ ሲል፣ ወይም ልጁ ደም በተሰጠው በጥቂት ሳምንት መልሶ ሲነጣ ግን የዘረመል ምርመራ ይታሰባል። ዘረመል ሰውነት የሚሠራበት ጽሑፍ ነው። የጎጃም የቆሎ ተማሪ እንደሚያውቀው በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ሠረቀ» ማለት ወጣ ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌብነት ይሆናል። የደም ጽሑፍም በአንድ ፊደል እንዲሁ ይዛባል። ምርመራው ያቺን ፊደል ይፈልጋል።

የሚወሰደው ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ነው። የሚነበበው ግን ከነጭ የደም ሴል ነው፤ የበሰለ ቀይ የደም ሴል ዘረመሉ የሚቀመጥበት ኒውክለስ የለውማ። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ልጁ በቅርቡ ደም ወስዶ ከሆነ የቀይ ሴል ኢንዛይም ምርመራ የለጋሹን ደም ለክቶ ሊያሳስት ይችላል፤ የዘረመሉ ግን እንዲያ በቀላሉ አይታለልም።

የበሽታውን ስም ማወቁ ለምን ይጠቅማል? ሕክምናው ስለሚለያይ። ዳይመንድ ብላክፋን በሚባለው የዘር ደም ማነስ መቅኔው ቀይ ሴል መሥራት ያቅተዋል፤ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ይታያል፣ ስቴሮይድም ብዙዎቹን ይረዳል። ፋንኮኒ የሚባለው ሌላ የዘር ደም ማነስ ያለበት ልጅ ደግሞ ለመቅኔ ቅየራ ሲዘጋጅ የሚሰጠው የተለመደው የመድኃኒት መጠን ራሱ ሊገድለው ስለሚችል አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በአንዳንድ ሌሎቹ ደግሞ አይረን በሰውነት ስለሚከማች ሽሮፑን መደጋገም ጉዳት ነው።

መልሱ ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ አይደለም። የአፍሪካውያን ዘረመል በዓለም መዝገቦች ውስጥ ጥቂት በመሆኑ፣ የእኛ ልጆች ላይ ትርጉሙ ገና ያልታወቀ ለውጥ በብዛት ይገኛል። ያን ጊዜ የአባትና የእናት ደምም ይመረመራል።

እኔን የሚያመኝ እናቶች ላይ የሚወርደው ወቀሳ ነው። ከዘጌ ልጇን አዝላ በጀልባ የመጣችን እናት «ምን እያበላሽው ነው?» ይሏታል። ከእነዚህ በሽታዎች ብዙዎቹ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሱ ናቸው፤ እናትና አባት አንድ አንድ የተዛባ ቅጂ ይዘው ራሳቸው ጤነኛ ናቸው። በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የመውረስ ዕድሉ 25 በመቶ ነው፤ እንቁላሉና ወተቱ ይህን አይቀይረውም።