«ይሄ ደግሞ ለምንድነው?» ስትል ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ውድ ምእመናን፣ የፋሲካው ሥርዓት ሲሰጥ እግዚአብሔር ስለ በጉና ስለ ቂጣው ብቻ ተናግሮ አላበቃም። ልጆቻችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋችሁ እንዲህ በሏቸው አለ (ዘጸ. 12፥26)። ጥያቄው ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የተሰጠ ነው። እኛ ግን ልጅ ስትጠይቅ ጠገበች እንላለን።

አሜሪካ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ወር በገባ በ21 የእመቤታችንን ዝክር ይዘክራሉ፤ ከእናታቸው የወረሱት ነው። ትልቋ ልጃቸው «ድግሱ ይቅርና ገንዘቡን ለተቸገረ እንስጥ» ትላለች። ትንሿ የአበሻ ቀሚሱንም ቡናውንም ትወዳለች፤ ጸሎት ሲጀመር ግን ስልኳ ላይ ናት። እናት ደግሞ «የእናቴን ዝክር በእኔ ዘመን አላስታጉልም!» ብለው ይቆጣሉ። ለአንዷ አደራ፣ ለአንዷ ወጪ፣ ለአንዷ ባህል።

እስቲ በቅርበት እንየው። ድፎው በኮባ መጋገሩ ቀርቶ ፎይል ለብሶ ኦቨን ይገባል። 21 ማክሰኞ ከዋለ ሥራ ስላለ ዝክሩ ወደ ቅዳሜ ይዞራል። እናትየዋ አልተሳሳቱም፤ ኮባ ከየት ይምጣ? ነገር ግን ቀኑን ራሳቸው አዙረው ልጃቸውን «ሃይማኖትሽን ጣልሽ» ማለት አያምርባቸውም።

የጎደለው ሌላ ነው። አያት ዝክሩን የጀመሩት ልጃቸው በጠና ታማባቸው፣ ለእመቤታችን ተስለው ነው። ያቺ የታመመች ልጅ ዛሬ የምትዘክረው እናት ናት! ልጆቿ ይህን ሳይሰሙ አደጉ። «የአያታችሁ ነው» ብቻ ነበር መልሱ። ሙሴ ግን ልጅህ ሲጠይቅህ «በግብፅ ባሪያዎች ነበርን» ብለህ ጀምር ይላል (ዘዳ. 6፥20-21)። ከመከራው፣ ከዳኑበት ቦታ።

ኢያሱም 12ቱን ድንጋዮች በጌልገላ ያቆመው ልጆች እንዲጠይቁ ነው (ኢያ. 4)። ብዙም ሳይቆይ ግን እግዚአብሔርን የማያውቅ ትውልድ ተነሣ (መሳ. 2፥10)። ሥርዓት ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ጳውሎስ ከአያት ከሎይድ ወደ እናት ወደ ኤውንቄ፣ ከኤውንቄ ወደ ልጇ ወደ ጢሞቴዎስ ወረደ ያለው ግብዝነት የሌለበትን እምነት ነው (2 ጢሞ. 1፥5)። የጢሞቴዎስ አባት እኮ የግሪክ ሰው ነበር፤ እምነቱን ያወረሱት አያቱና እናቱ ናቸው።

ልጆችም ብትሆኑ ሳትጠይቁ አትጣሉ። ትልቋ ከዝክር የራቀች መስሏት ይሆናል፤ ለእኔ ግን ከሦስቱ ይልቅ ወደ መሠረቱ የቀረበችው እሷ ናት። ጌታ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ እንኳ ዋጋው አይጠፋበትም ብሏል (ማቴ. 10፥42)። ነዳያን ያልቀመሱት፣ ጎረቤትና ዘመድ ብቻ በልቶ የተነሣበት ዝክር ምኑ ዝክር ነው? ስለዚህ እናት ሆይ፣ በሚቀጥለው 21 የድግሱን እኩሌታ ወደ ነዳያን የምትወስደው እሷ ትሁን። ትንሿም ስልኳን አስቀምጣ ተአምረ ማርያም ታንብብ። አማርኛዋ ቢሰባበር እመቤታችን ትረዳታለች።