ርካሹ የጤና ኢንሹራንስ መቼ ነው ውድ የሚሆነው?

አረቦን ማለት ታመማችሁም አልታመማችሁም በየወሩ ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው ክፍያ ነው። አረቦን ሲጨምር ብዙ ሰው ዝቅተኛውን ቁጥር አይቶ ይመርጣል። እባካችሁ አትቸኩሉ።

አረቦኑ ያነሰ ዕቅድ ብዙ ጊዜ ዲዳክቲብሉ ከፍ ይላል። ዲዳክቲብል ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከራሳችሁ ኪስ የሚወጣው ገንዘብ ነው። ሁለት ዕቅዶች አሉ እንበል። አንዱ በወር 100 ይቆርጣል፣ ዲዳክቲብሉ 3,000 ነው። ሌላው 180 ይቆርጣል፣ ዲዳክቲብሉ 1,000 ነው፤ ከዚያ በላይ ካለው ደግሞ 20 በመቶውን ትከፍላላችሁ። በዓመቱ 3,000 የሚያስወጣ ሕክምና ቢገጥማችሁ «ርካሹ» በድምሩ 4,200 ያስወጣችኋል። «ውዱ» ግን 3,560 ነው። ካልታመማችሁ ነገሩ ይገለበጣል።

ቋሚ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የዕቅዱን የመድኃኒት ዝርዝር ሳታዩ አትፈርሙ። ያው መድኃኒት በአንዱ ዕቅድ ዝቅተኛው የዋጋ እርከን፣ በሌላው ውዱ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ዝርዝሩ ስለሚቀያየር አምና የተሸፈነላችሁ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። የመድኃኒታችሁን ስምና መጠን ይዛችሁ ፈልጉ። ዲዳክቲብሉ መድኃኒትንም ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው ፋርማሲ ከደረሰ በኋላ ነው።