ጸያሔ ፍኖት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።

በዓሉን እዚሁ ጅማ ነው ያከበርኩት። ታቦታቱ ሲመለሱ ዓይኔ ያረፈው ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ልጆች ላይ ነበር። ታውቋቸዋላችሁ። ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ከኋላ ይጠቀልላሉ፣ በትከሻቸው ተሸክመው በሕዝቡ ዳር እየሮጡ ወደ ፊት ያልፋሉ፣ እንደገና ያነጥፋሉ። ከእነሱ ፊት ደግሞ መጥረጊያ የያዙ አሉ። የጅማ ቀይ አቧራ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ተጋግሯል። አንዱ ልጅ ጫማው ተበጥሶበት አንድ እግሩን ባዶውን ይሮጥ ነበር። ታቦቱ ሲደርስ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ እልል ይላል። እነሱ ግን ያኔ ቀድመው ሄደዋል።

መጥምቁ ዮሐንስን አባቶቻችን ጸያሔ ፍኖት ይሉታል፤ መንገድ ጠራጊ ማለት ነው። ገና የስምንት ቀን ሕፃን ሳለ አባቱ ዘካርያስ «መንገዱን ልትጠርግ በጌታ ፊት ትሄዳለህና» ብሎ ተነበየለት (ሉቃ. 1፥76)። እኛ ዛሬ አዲስ ነገር የጀመረን ሰው ፈር ቀዳጅ እንለዋለን፣ ፋና ወጊ እንለዋለን። ጥሩ ቃላት ናቸው። ፈር ቀዳጅ ከገበሬው የተገኘ ነው። ያ የመጀመሪያው ፈር ግን ገበሬው ማሳውን አግድም ደግሞ ሲያርሰው አይታይም። እኔ ከሁሉም የምወደው ጸያሔ ፍኖትን ነው። ንጉሡ ካልመጣበት የተጠረገ መንገድ ምን ይሠራል?

ይህን የምጽፈው ልቤ አዝኖ ነው። በቅርቡ አንድ ማኅበር የምሥረታ በዓሉን ሲያዘጋጅ በስብሰባው ላይ ነበርኩ። ግማሽ ቀን የፈጀው ባነሩ ላይ የማን ስም በመሥራችነት ይቅደም የሚለው ነው። አንዱ የድሮ ቃለ ጉባኤ አወጣ። ሌላው «እኔ ሳልኖር ማን ነበር?» ብሎ ጠረጴዛ መታ። የቀረበው ጸበል ጻድቅ ቀዘቀዘ። የድሆቹ ጉዳይ አጀንዳው ላይ ነበረ፤ ሳይነሣ ተበተንን።

ወንድሜ፣ ጥር የሠርግ ወር ነው። ሚዜው በሙሽራው ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ «ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ» ቢል ምን ትለዋለህ? ዮሐንስ ራሱን ሚዜ ነው ያለው። «ሙሽራይቱ ያለችው እርሱ ሙሽራ ነው» አለ። ቀጥሎም «እርሱ ሊልቅ እኔ ግን ላንስ ያስፈልጋል» አለ (ዮሐ. 3፥29-30)። ይህን የተናገረው ሕዝቡ ሁሉ እሱን ትቶ ወደ ጌታ እየሄደ ነው ብለው ደቀ መዛሙርቱ በቅናት ሲነግሩት ነው። እኛ ብንሆን ስብሰባ እንጠራ ነበር።

አንቺ ግን እህቴ፣ ለአንቺ ሌላ ቃል አለኝ። ሕፃናቱን በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሰብስበሽ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ማስጠናት የጀመርሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ አዳራሽ አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ፣ አንቺን የሚጠራሽ የለም። ማታ ብቻሽን ስትሆኚ እንደሚከፋሽ አውቃለሁ። ስለ ባነሩ የተናገርኩት አንቺን አይመለከትም።

አንድ ቀን ዮሐንስ ከሁለት ደቀ መዛሙርቱ ጋር ቆሞ ነበር። ጌታ ሲያልፍ አይቶ «እነሆ የእግዚአብሔር በግ» አላቸው። ሰሙትና እሱን ትተው ጌታን ተከተሉት። አንዱ እንድርያስ ነው፤ እሱ ደግሞ ወንድሙን ጴጥሮስን ወደ ጌታ አመጣው። ዮሐንስ ያስተማራቸው ልጆች ናቸው ጀርባቸውን ሰጥተውት የሄዱት። ተመለሱ አላለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።